ያልተሸጠልኝ ሽጉጥ

ወረታ አስተማሪ ሆኜ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ አጎቴ ከአንበሳሜ በእግራቸው መጥተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምንሽራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል፤ ሌላ ጠመንጃ ደግሞ አጥሩን አስደግፈዋል። ሁለተኛው ጠመንጃ ለእኔ የመጣ መሆኑን ወዲያው አልተረዳሁም።

“ልጄ፣ ደም ተቃብተናል” አሉኝ፣ ሰላምታችን ሳያልቅ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። የፎገራ ሜዳ ክረምቱን ውሃ ተኝቶበት ይከርማል። መስከረም ካለፈ በኋላ ውሃው ወደ ጣና ሲሸሽ ከሥሩ ለምለም ሣር ይወጣል፤ ያን ጊዜ የደራም የፎገራም ሰው ከብቱን ወደዚያው ይነዳል። ውሃው በየዓመቱ የሚለቀው ቦታ ስለሚለያይ የዘንድሮ ወሰን ለከርሞ አያገለግልም። የአጎቴ ልጅ በዚህ ሣር የተነሣ ከአንድ የጉማራ ወንዝ ዳር ጎልማሳ ጋር ተጣላ፤ ጠቡም በጥይት አለቀ። ጎልማሳው ሞተ፤ የአጎቴ ልጅ ዱር ገባ።

ደም መላሽ ገዳዩን ካጣ ከገዳዩ ዘመድ ይመርጣል። ሲመርጥም ሽማግሌና ደካማ አይነካም። ቤተሰቡ የሚመካበትን፣ ቢጎድል ጉድለቱ የሚታወቀውን ይፈልጋል። በእኛ ቤት ዘመናዊ ትምህርት የተማርሁና የመንግሥት ደመወዝ የምበላ እኔ ብቻ ነበርሁ።

“አንተን ነው የሚሉት” አሉ አጎቴ። “ለቅሶው ላይ ተነግሯል። ‘በበሬያችን ፈንታ ወይፈን አንቀበልም’ ብለዋል።”

ሟቹ በሬ፣ የአጎቴ ልጅ ወይፈን መሆናቸው ነው። ሌላው በሬ እኔ ነኝ።

አጎቴ ያስደገፉትን ጠመንጃ አንሥተው ሰጡኝ።

“ትምህርት ቤት ጠመንጃ ይዤ አልገባም” አልኋቸው።

“ለምን? የእኛ ቄሰ ገበዝ መስቀልና ጠመንጃ አብረው ይዘው ይሄዱ የለም?”

“እሳቸው ሰሌዳ ላይ አይጽፉም።”

“እንግዲያ በባዶ እጅህ ልትሞት ነው?”

“ሽጉጥ እገዛለሁ።”

አጎቴ ልጃቸው ሰው ከገደለ ወዲህ የሳቁት ያን ጊዜ ይመስለኛል። “ሽጉጥ! እንደ እናትህ ሙዳይ መቀነትህ ውስጥ ልትሸጉጣት! ወንድ ልጅ የያዘው ብረት ከሩቅ ይታያል እንጂ ይደበቃል እንዴ?”

ጠመንጃውን መልሰው ይዘው ሄዱ።

በዚያ አገር ጠመንጃ ለወንድ ልብስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበያም፣ ሠርግም፣ ለቅሶም ተይዞ ይኬዳል። ባለጠመንጃው ሰው ቤት ሲገባ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል ወይም ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ሲወጣ ይረከባል። ሁሉም የሁሉንም ጠመንጃ ያውቃል። ሽጉጥ ግን በዚያ ዘመን የጸሐፊና የሹም ዕቃ ነበረች። ለአጎቴ አሳፋሪ የመሰለችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእኔ ትክክለኛ የመሰለችኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ ፍርሃቴን እንደ ትምህርት ዝግጅት በተራ በተራ አስቀመጥሁት። ከተከራየሁበት ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ አንድ የዋልካ ረግረግ አለ፤ ኅዳር ገብቶም ገና አልደረቀም። ሁልጊዜ ጠዋት ከዳሩ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ በአንድ እጄ ጫማዬን፣ በአንድ እጄ ምርኩዜን ይዤ እሻገራለሁ። ጠመንጃ ለዚህ አይመችም። ደግሞም ተማሪዎቼ መሣሪያ እንዳያዩብኝ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ መሣሪያው ከጋቢ ሥር የሚሰወር መሆን አለበት። ከተማ ውስጥ የሚመጣብኝ ሰው ከሩቅ አይተኩስም፤ ይጠጋል። ስለዚህ ሩቅ መምታቱ አያስፈልገኝም፤ ቶሎ መውጣቱ ያስፈልገኛል። ይህን ሁሉ ሳስብ የምመርጠው የሒሳብ መልስ እንጂ ሰው የሚገድል ብረት አይመስለኝም ነበር።

የመሣሪያ ፈቃዱ ለመንግሥት ሠራተኛ አስቸጋሪ አልነበረም። አስቸጋሪው ከማን እንደሚገዛ ማወቅ ነበር። ጎረቤቴ የነበረው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ራሱ ሽጉጥ ስለነበረው እሱን ጠየቅሁት።

“ሀጂ ዘንድ ሂድ” አለኝ። “አቡጀዲና ላምባ የሚሸጡት፤ ከገበያው በላይ። ብረት ከጓዳ ነው የሚያወጡ። ሌላው ነጋዴ የዛገ ነገር በቅቤ ወልውሎ ያቀርብልሃል፤ ሀጂ ግን አያታልሉም። አንድ አመል ብቻ አለባቸው።”

“ምን?”

“ለሁለት ደመኞች አይሸጡም። ቀድሞ የመጣው ይገዛል፤ ሁለተኛው ሌላ አገር ይፈልጋል። ‘እኔ ነጋዴ እንጂ ጠብ አጫሪ አይደለሁም’ ይላሉ። ለዚህ ነው የሁሉም ወገን ሰው ሱቃቸው የሚቀመጠው።”

ደንቡን ወደድሁላቸው፤ ጥሩ ደንብ ነው ብዬ አለፍሁ። ለራሴ ጉዳይ አላያያዝሁትም።

ሀጂ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። አስተማሪነቴን ያውቃሉ፤ የትምህርት ቤቱን ላምባ ከእሳቸው ነው የምንገዛው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ደንበኛ እስኪሄድ ጠበቁና ወደ ጓዳ አስገብተው ሦስት ሽጉጦች በጨርቅ ላይ ዘረጉልኝ።

የመጀመሪያዋ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች፣ ጠፍጣፋና የምታምር ነበረች። ጥይቷ በእጀታዋ ውስጥ ባለ ካዝና ይገባል። ሁለተኛዋ ረጅም አፈሙዝ ያላት ከባድ ሽጉጥ ነበረች። ሦስተኛዋ አጭር፣ ጥይቶቿን በሚሽከረከር ክብ ቤት የምትይዝ፣ የእንጨት እጀታዋ ከብዙ እጅ የተነሣ የለሰለሰ ነበረች።

“በዓይንህ አትምረጥ” አሉኝ። “ጋቢህን ደርብ። አሁን ይችን ወገብህ ላይ አድርጋት። ተቀመጥ። ተነሣ። አሁን ጫማህን እሰር።”

ጎንበስ ስል ጠፍጣፋዋ ተንሸራታ መሬት ወደቀች።

“ይኸው፤ ከጠላትህ ቀድማ የጣለችው አንተን ነው። ደግሞም ጥይቷን ከየት ታመጣለህ? ጣሊያን ተመልሶ አይመጣልህ።”

ከባዷን ስታጠቅ ቀበቶዬ ወረደ፤ ከጋቢዬ ሥር ላወጣት ስል አፈሙዟ በጥለቱ ተያዘ። ሀጂ ተቀብለው አስቀመጧት። ሦስተኛዋ ግን ገና ስይዛት እጄን ሞላች። ጥይት እንደሌለባት አሳይተውኝ ምላጩን ሳብሁት፤ ክቡ ቤት አንድ እርምጃ ዞረ። እኔም መጠየቅ ጀመርሁ። አንዱ ጥይት ቢከሽፍስ? ምላጩን ዳግመኛ ስስብ ሌላው ተራውን ይይዛል። ጠፍጣፋዋ ብትሆንስ? የከሸፈውን ለማውጣት ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል። ጭቃ ቢነካትስ? ትጠረጋለች። ጥይቷስ? ባሕር ዳርም ጎንደርም ይገኛል።

“ጠይቅ፣ ጠይቅ፤ አስተማሪ አይደለህ!” አሉ ሀጂ፣ ነገሩ ደስ ብሏቸው። “ደግሞ የመረጥኸው ደህና ነው። ይች መንታ ነበረች። እህቷን ባለፈው ገበያ አንድ የጉማራ ዳር ጎልማሳ ወሰዳት። እሱም እንዳንተው ነበር፤ ሲቀመጥ፣ ሲነሣ፣ ጋቢውን ደርቦ ሲያወጣ ሲያስገባ ቀኑን ጨረሰብኝ። ዕንቁላል የሚመርጥ እንጂ ብረት የሚገዛ አይመስልም!”

አብሬያቸው ሳቅሁ። የጉማራ ዳር ሰው ብዙ ነው።

ሽጉጧን ሊጠቀልሉልኝ ጨርቁን እያጠፉ፣ ለወግ ያህል፣ “አገርህ ግን ወዴት ነው?” አሉኝ።

“አንበሳሜ።”

እጃቸው ዘገየ። “የማን ልጅ?”

አባቴን ነገርኋቸው፤ አያቴንም ጨመርሁ። ሀጂ ጨርቁን እንደገና ዘረጉና ሽጉጧን ከሌሎቹ ጋር መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቀለሉ።

“አልሸጥልህም” አሉ።

“ምን አጠፋሁ?”

“አንተ ምንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ገበሬ ሲመጣ አገሩንና አባቱን ሳልጠይቅ ጨርቅ አልፈታም። አንተን ግን የመንግሥት ሰው ነው ብዬ፣ አስተማሪ ደም የለበትም ብዬ ተውሁት።”

“አስተማሪስ ዘመድ የለውም እንዴ?”

“አለው። ረሳሁት።” ጥቅሉን ጉያቸው ውስጥ አደረጉ። “ስለ መንታዋ የነገርሁህን አልሰማህም።”

“አልሰማሁም” አልኋቸው። ቃል ነበር፤ እኔም እንደ ቃል ይዤው ወጣሁ።

የሰማሁት ግን ገበያውን ሳልጨርስ በጆሮዬ መደወል ጀመረ። የሟቹ ወገን ሽጉጥ ገዝቷል። ያ ማለት ከሩቅ ታይቶ በምንሽር የሚያልም ሰው አይደለም የሚመጣብኝ ማለት ነው። ጋቢ ለብሶ፣ “እንዴት አደርህ” ብሎ የሚጠጋኝ ሰው ነው። ወረታ ውስጥ ደግሞ ጋቢ ያልለበሰ ወንድ የለም። ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ማን እንደያዘ አያለሁ፤ ያልያዘውን እተወዋለሁ። አሁን ግን የምጠረጥረው አገሩን በሙሉ ሆነ። ለተማሪ እናት ሰላምታ ስመልስ እንኳ ከኋላዋ የቆመውን ባሏን እጅ አያለሁ። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬን ወደ ጥግ አዛወርሁ፤ ተማሪዎቼ ሰሌዳውን ለማንበብ ተቸገሩ። ሌላ ቦታ ሄጄ ሽጉጥ መግዛት እችል ነበር። ነገር ግን ከጋቢ ሥር የማወጣው በማን ላይ እንደሆነ ሳላውቅ፣ ስይዘው የሚሻለኝ ነገር አልታየኝም።

አጎቴ በታኅሣሥ ተመልሰው መጡ።

“ገዛሃት ያችን ሙዳይ?”

“ሀጂ አልሸጥልህም አሉኝ።”

ከዚህ በላይ አልተናገርሁም። የሀጂን ደንብ ግን ከአንበሳሜ እስከ ይፋግ የማያውቅ የለም። አጎቴ ተቀምጠው ራሳቸውን አከኩ።

“አልሸጥም ካሉ እነሱ ቀድመዋል። የእነሱ ቤት ግን ጠመንጃ ሞልቷል፤ ከሀጂ ምን ፈልገው መጡ?” ቀና ብለው አዩኝ። “አንተ የጠየቅኸው ሽጉጥ ነበር?”

“አዎ።”

“ሲጠይቁህ ወዲያው እምቢ አሉ ወይስ አሳይተውህ?”

“አሳይተው፣ አስመርጠው፣ ከዚያ አገሬን ሲሰሙ።”

“ሽጉጥ ነው የገዙ!” ብለው ጭናቸውን በጥፊ መቱ። የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን በራ። “ሚካኤልን! የእሱ ልጅ በሽጉጥ! ሽማግሌው ያውቃል? አያውቅም! ቢያውቅ ምድር አትበቃውም!”

ሽማግሌው የሟቹ አባት ናቸው። ልጃቸው ፊት ለፊት ተመትቶ ስለወደቀ፣ ለእርቅ የሄዱትን ሁሉ “ልጄ በግንባሩ ነው የወደቀ፤ ደሙም በግንባር ይመለሳል” እያሉ ይመልሷቸው ነበር። በዚያ አገር ሰው ደም የሚመልሰው ታይቶ፣ የአባቱን ስም ጠርቶ ነው። ተጠግቶ ሰላም ብሎ ከጉያው የሚያወጣ ሰው ቢገድልም ደም መለሰ አይባልም፤ አድብቶ በላ ነው የሚባል። አጎቴ በልጃቸው ጥፋት አንገታቸውን ደፍተው ከርመው፣ አሁን የሚናገሩት ነገር አገኙ።

“ማን ነገረህ ቢሉዎትስ?” አልኋቸው፣ የሀጂን ነገር ፈርቼ።

“ማንም አልነገረኝ። የነገረኝ ዝምታህ ነው።”

የቁሐር ሚካኤል ሽማግሎች ከሁለቱም ወገን ውጭ ስለነበሩ አጎቴ ወደ እነሱ ሄዱ። እነሱም ወደ ሟቹ አባት ሄደው፣ ቤትዎ ሽጉጥ ገብቷል ይባላል አሏቸው። ሽማግሌው ተቆጡ። “በእኔ ቤት ሽጉጥ የለም፤ ካለም በሰው ፊት እኔው አወጣዋለሁ” ብለው የመገናኛውን ቀን ራሳቸው ቆረጡ። ከጥምቀት በኋላ፣ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ።

እኔም ባዶ እጄን ሄድሁ። ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር፣ አንድ የበሬ ቆዳ ተነጥፎ ነበር። ደንቡ ሁለቱም ወገን መሣሪያውን እዚያ ላይ ማኖሩ ነው። ጠመንጃዎቹ እንደ ታጨደ እህል ተደረደሩ። አጎቴ ምንሽራቸውን ሳም አድርገው አስቀመጡ። የሟቹ አባት የሐዘን ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ፀጉራቸው ከተላጨ ወዲህ ገና አላደገም። የራሳቸውን ጠመንጃ አኖሩና ከኋላቸው ወደቆመው ልጃቸው ዞሩ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕድሜው እኔን ያህላል።

“አንተስ?”

“አኖርሁ እኮ፣ አባዬ።”

“የቀረውን።”

“ምን ቀረ?”

“እነዚህ ሰዎች በቤትህ ሽጉጥ አለ ይሉኛል። እኔ የለም ብያለሁ። ጋቢህን ግለጥና አሳያቸው፤ አሳፍርልኝ።”

ልጁ ሲያመነታ አየሁት፤ ዓይኑ ከአባቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቆዳው ሄደ። በዋርካው ሥር መሣሪያ ያልፈታ እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፊቱ ቆሜያለሁ። የማስታውሰው የእጁን መንገድ ነው። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ገባ፤ እኔ ሀጂ ጓዳ ውስጥ እንዳደረግሁት ክርኑን ወደ ጎኑ አስጠግቶ አወጣት። ጥለቱ አልያዘውም። አባቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጁም መዳፋቸው ላይ አኖራት።

ሽማግሌው ይመዝኗት ይመስል አንሥተው አዩዋት።

“ይችን ይዘህ ወደ ማን ነው የምትሄድ?”

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

“አንተስ፣ አስተማሪው? የአንተም ጋቢ ይገለጥ?”

ገለጥሁ። “ልገዛ ሄጄ ነበር። ሀጂ አልሸጡልኝም።”

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳያስበው ሳቀ። “ይህ እስላም ምኑን ነጋዴ ሆነ! ከአንድ ጠብ ሁለት ጊዜ ማትረፍ አያውቅበትም።” ሌሎቹም ሊስቁ ሲሉ የሟቹን አባት ፊት አይተው ተዉት።

ሽማግሌው ሽጉጧን ከጠመንጃዎቹ ጋር አላኖሯትም። ከቆዳው ውጭ፣ አፈር ላይ ለብቻዋ አስቀመጧት።

“እስከ ዛሬ እምቢ ያልኋችሁ የምኮራበት ስለነበረኝ ነው” አሉ ለሽማግሎቹ። “ልጄ ሲሞት ጠላቱን እያየ ነው። ደሙ ከጉያ በምትወጣ ብረት የሚመለስ ከሆነ ይቅርብኝ። ታርቄያለሁ። ግን እኔ በሕይወት እያለሁ የእነዚህ ሰዎች ከብት ያን ሣር እንዳይረግጥ።”

አጎቴ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙና ተቀበሉ። ቄሱ መስቀል ይዘው መጡ፤ ሁለቱም ወገን ማለ። በኋላ እንዳየሁት ቃሉ ተጠብቋል፤ አጎቴ በበጋ የመንጋቸው ጎድን እየተቆጠረ እንኳ ወደዚያ አልነዱም።

ከመሐላው በኋላ ደመኞች ትከሻ ለትከሻ እንዲሳሳሙ ይደረጋል። እኔና የሟቹ ወንድም ተሳሳምንና ጎን ለጎን ቆምን። እኔ ሳይገባኝ የሚያልፍ ነገር አልወድም፤ ስለዚህ ጠየቅሁት።

“የት ነበር ያሰብህ?”

“ዋልካው ዳር” አለ፣ መንገድ እንደሚጠቁም ሰው። “ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ስታወልቅ። ሁለት እጅህ ሲያዝ።”

“አይተኸኛል?”

“ሁለት ጠዋት። አንድ ቀን ሰላም ብለኸኛል።”

አላስታወስሁትም። ጫማና ምርኩዝ፣ ጋቢ፣ ቅርብ መሆን፣ ቶሎ መውጣት፤ ሽጉጥ ያስመረጡኝ ምክንያቶች በሙሉ እሱንም ያስመረጡት ነበሩ። ገዝቻት ቢሆን ኖሮ በዚያ ድንጋይ ላይ በምን እጄ አወጣት እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

በሚቀጥለው ገበያ ለትምህርት ቤቱ ላምባ ልገዛ ሀጂ ዘንድ ሄድሁ። የእርቁን ወሬ ሰምተዋል። ላምባውን ከቀዱልኝ በኋላ ወደ ጓዳ ጠሩኝና ጨርቁን ዘረጉ። ሁለቱ መንታዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ሽማግሌው መልሰውላቸዋል።

“ደማችሁ ደርቋል፤ አሁን እሸጥልሃለሁ” አሉ። “የቱን ትወስዳለህ?”

ሁለቱንም እያነሣሁ በእጄ ሞከርሁ። ያን ጊዜ የመረጥሁት የቱን እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። እጀታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ክቡም ቤት በሁለቱም አንድ እርምጃ ይዞራል።

“የእሱ የትኛዋ ናት?”

“እሱን አልነግርህም።”

መልሼ ጨርቁ ላይ አኖርኋቸው። “ላምባው ይበቃኛል” አልሁ።

ሀጂ አልተቀየሙም። ሁለቱን አንድ ላይ እየጠቀለሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ “ከእንግዲህ ግን አስተማሪም ቢመጣ፣ ቄስም ቢመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳልሰማ ይህን ጨርቅ አልፈታም” አሉ።